የአንድ ቁጥር ዜማ ባለቤት

ጋሽ ማነው እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጣንለት እኛ የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች ነን፤ ዛሬ ግን የአድማጭ ደብዳቤ ሳይቀር በዚሁ ስም ይመጣለታል። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የቆዩ ዜማዎችን ያቀርባል። አንድ ዘፈን ባለቀ ቁጥር ማይኩ ላይ ጎንበስ ይልና ይጀምራል፦ «ማነው የዘፈነው? ማነው የመታው? ያንን መሣሪያ የጠረበው ማነው? የት ተቀምጠው ነው? ዝናብ ነበረ እንዴ? የሆነ ነገር ይንጠባጠባል እኮ፣ ሰማችሁት?» እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ድምፅ የምቆጣጠር ቴክኒሻን ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይኼን ሁሉ ጥያቄ ችዬ ኖሬያለሁና ስለ እሱ ባወራ የሚከለክለኝ የለም።

የሙዚቃ ትምህርት የሚባል ነገር በደጁ አላለፈም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ክፍል ናት። መኪኖቹ ወደ ኋላ ተጋድመው፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ተራ ይጠብቃሉ። እሱ ታዲያ ፍታልኝ፣ ግጠምልኝ ሳይል መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍናል። መርገጫውን ሁለት ሦስቴ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ያዳምጥና «ቺንጋዋ ላልቷል፣ መርፌዋም ተጣሟል» ካለ አለቀ፤ ቢፈቱት ያንኑ ነው የሚያገኙት። ልብስ ሰፊዎቹ «ጠንቋይ ነው» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ፕሮግራሙም የዚያው ጆሮ ሥራ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪዎች አፈር ሲያወጡ የሚቀባበሉትን ዜማ ያሰማና ከእሱ አስከትሎ የባሕር ማዶ አኮርዲዮን ያመጣል፤ ከዚያ ደግሞ አንዲት እናት ልጇን ስታስተኛ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ሰዎች ምን አንድ ላይ አመጣቸው?» ብዬ ብጠይቀው፣

«እኔ ነኛ!» ብሎኝ አረፈ።

አንድ ችግር አለበት፤ ሰዓት አያከብርም። አራት ሰዓት ሲሆን ዜና አንባቢያችን ወረቀቱን ታቅፎ በር ላይ ይንቆራጠጣል፣ የእኛ ሰው ዘፈን ግን አላለቀም። በዚህ ጉዳይ ያልተጣሉበት ቅዳሜ የለም። «ደቂቃውን ከዘፈኖቹ ካርቶን ላይ አይቼ ነው የደመርኩት!» ብሎ ይምላል ጋሽ ማነው። «እንግዲያው ድምር አታውቅም» ይለዋል ዜና አንባቢው። እኔም ድምር እንደማያውቅ አምኜ ተቀምጬ ነበር።

ልማዱ እንዲህ ነው፦ በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ዜማ ያሰማና «የሚያውቅ ይደውል» ይላል። ሰው ይደውላል። አንዷ «አጎቴ ናቸው፣ በመሃል የሳሉትን ሳል አውቀዋለሁ» ትላለች። አንዱ «ያ ውሻ የኛ ውሻ ነው» ይላል። ጋሽ ማነው ይኼን ሁሉ የሚያሰፍርበት፣ በማስመሪያ ያሰመረው ትልቅ ደብተር አለው፤ ቁጥር፣ ማን ዘፈነ፣ የት፣ በምን መሣሪያ። ከሁለት መቶ በላይ ዜማ ባለቤት አግኝቶበታል። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው መስመር፣ አንድ ቁጥር የሚለው፣ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ባዶውን ነው የኖረው።

አንድ ቁጥር የተገኘው እንዲህ ነው። የሚስቱ ወንድም ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ፣ ሁለት ትልልቅ ጥቅል የድምፅ ክር የሚያዞር የድሮ ቴፕ አገኘና «ተበላሽቷል፣ ከጠቀመህ ውሰደው» ብሎ ሰጠው። ቴፑ ላይ አንድ ክር እንደተጠመጠመ ቀርቶ ነበር፤ ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው። ጋሽ ማነው የተበላሸ ነገር አይቶ የማለፍ አቅም የለውም። ከሞተሩ ላይ ክሩን የምታዞረው ትንሿ ፑሊ ተሰባብራ ስለነበር ስብርባሪዋን ገጣጥሞ ለካና፣ ራሱ በቶርኖ ከነሐስ ቀርጾ አዲስ ገጠመ። ከዚያ አጫወተው።

አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ቃል ሳያወጣ፣ እም... እም... እያለ በጣም በቀስታ ያንጎራጉራል። ከሥሩ ከበሮ የመሰለ ነገር ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይልና አንዴ ዘግየት ይላል። መጨረሻው ላይ ሰውየውን ሳግ ይተናነቀዋል፤ ክሩ ያልቃል። የሚስቱን ወንድም ጠርቶ «ማነው?» ቢለው «ይኼን ሰውዬ እኔ የት አውቄው? የስንቱን ሰው ክር ለምኜ ሰብስቤያለሁ» አለው።

በቃ፣ ተያዘ። ክሩንና ቴፑን ተሸክሞ «ይኼን ሰው አፈላልጉልኝ» ብሎ ጣቢያችን መጣ፤ በዚያው ቀረ፤ ከየሰው የሰበሰባቸውን ክሮች ሁሉ የሚያሰማውም በዚሁ ቴፕ ሆነ። እያንዳንዱ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ቁጥርን ያሰማል። የሐዘን እንጉርጉሮ መሆኑን ራሱ ወሰነ። አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ደውለው «ልጄ፣ እንዲህ አውርዶ የሚቃኝ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም» ቢሉት ደስታውን አልቻለውም! ሦስት ቅዳሜ ሙሉ፣ ሐዘን ሲገባቸው ድምፃቸውን ዝቅ፣ ከበሮአቸውን ዝግ ስለሚያደርጉ፣ የት እንዳሉ ስለማይታወቅ ሕዝቦች ሲያስተምረን ከረመ። ባሏ የሞተባት አንዲት አድማጭ በየዓመቱ ያንን ዜማ ታስመርጥ ነበር። እኔም አልዋሽም፣ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ስንት ጊዜ አልቅሼበታለሁ።

አንድ ቀን ማዳመጫውን ከጆሮው እያወለቀ፣ «ታውቂያለሽ፣ ድሮ ስልኩ አሥር ጊዜ ይጮህ ነበር። አሁን ሦስቴ ከጮኸ ተመስገን ነው። የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው። ያንን ሰውዬ ሳላውቀው ማነው እያልኩ ልሞት ነው?» አለኝ።

ለቀልድ አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳየው ተውኩት። የምሩን ነበር።

ሚስቱን እኔ እትዬ ነው የምላት። ከትምህርት ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣች፣ ነገር የማታሳልፍ ሴት ናት። ቅዳሜ ወጥ ቤት ሆና ፕሮግራሙን ታዳምጣለች፤ አንድ ቁጥር የጀመረ እንደሆነ ግን ቀጭ! ታጠፋዋለች። «ያንን ሟርተኛ ሰውዬ ቤቴ አላስገባም» ትላለች። አንድ እሑድ ምሳ ጋብዘውኝ ሳሎናቸው ጥግ ላይ የድሮ ባለ መርገጫ የስፌት መኪና አየሁ። በላይዋ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አለ።

«የአማቴ ናት» አለኝ ጋሽ ማነው፣ ጉራው መጣና። «ታነክስ ነበር። ሦስቴ በደንብ ትረግጥና በአራተኛው ትሰናከላለች። ለጎረቤት ሥራ መጥቼ በመስኮት ሰማኋት። አማቴ ‹ተዋት፣ ለምጃታለሁ› ቢሉኝ አሻፈረኝ ብዬ ጠገንኳት። ሰበቡ እንኳ ሌላ ነበር» ብሎ ሚስቱን ጠቀሳት።

«አፍህን!» አለች እትዬ እየሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። «እማዬ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየችልኝም። ፎቶዋ አለኝ፤ ፊቷ አይጠፋብኝም። ድምፅዋን ግን ልይዘው ስል ያመልጠኛል። ሰው እንዴት የእናቱን ድምፅ ይረሳል?» አለችኝ። ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው ባለፈው ዓመት ነው። የጣቢያው ኃላፊ የጋሽ ማነው ክሮች በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ይገልበጡ ብሎ አዘዘ፤ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የእሱ ቴፕ ሞተሩ መቃጠል መቃጠል ስለሸተተኝ፣ ከተዘጋ የሙዚቃ መቅጃ ቤት ሌላ ቴፕ ተዋስኩ። መጀመሪያ ያነሳሁት አንድ ቁጥርን ነበር። ገና ሲጀምር ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ወንዱ የለም! ሴት ናት። የተዋስኩት ቴፕ ይቸኩላል ብዬ ረገምኩት። ከዚያ ካርቶኑ ላይ «ሠላሳ ደቂቃ» የሚል የተጻፈበትን ሌላ ክር አምጥቼ ሰዓቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ልክ በሠላሳ ደቂቃው አለቀ። ያንኑ ክር በጋሽ ማነው ቴፕ ላይ ሳዞረው ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ፈጀ።

ወይ ጉድ! ለካ ሰውየው ድምር ያውቃል። ለካ ቴፑ ነው የሚያዘግመው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የክር ዜማዎቹን ሁሉ አዘግይተን፣ አወፍረን ስናሰማ ኖረናል። ክሮቹ ሌላ ቦታ የማይገኙ ስለሆኑ ማን ያወዳድራቸው?

ሦስት ቀን ሆዴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። በአራተኛው ቀን የሠላሳ ደቂቃውን ክር ታሪክ ብቻ ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ስለ አንድ ቁጥር ትንፍሽ አላልኩም።

«የእኔን እጅ ነው የምትጠረጥሪው?» ብሎ ደሙ ፈላ። «ያቺን ፑሊ የቀረጽኳት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ!»

«ስብርባሪው ሁሉ ተሟልቶ ነበር ወይ፣ ጋሼ?»

መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ሲገባው ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ አውቃለሁ፤ ቁጣው ወዲያው ጥሎት ሄደ። «ቆይ እስቲ» አለ። «ቆይ እስቲ...» ቴፑን አስመጣ፣ ፑሊዋን አወጣ፣ ለካ፣ ወረቀት ላይ ጻፈ፣ እንደገና ለካ። ለካስ ያኔ የጠርዟ ስባሪ ጎድሎ ኖሮ፣ እሷን ሳይቆጥር ነው የለካው። «ቀጥናለች» አለ ቀስ ብሎ። «የጥፍር ያህል ቀጥናለች፤ ለዚህ ነው ክሩን ቀስ የምታስኬደው።» ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። «ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት! እኚያ ሽማግሌ ሙዚቀኛ! እኔ ደግሞ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስለማይታወቁ ሕዝቦች... ወይኔ ውርደቴ!»

እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ግን አንጀቴን በላው። «ጋሼ፣ ማን ያውቃል? ፑሊዋን እንቀይርና ዝም እንበል» አልኩት። ኃላፊውም በኋላ ሲሰማ ያንኑ ነበር ያለው፤ «ይኼን በአየር ላይ ካወራህ ነገ ማን ያምንሃል?» ብሎታል።

«ሰዎቹን ማነው እያልኩ ስጠይቅ ኖሬያለሁ» አለ ጋሽ ማነው። «ፊቱን በጨርቅ ሸፍኜ ማነው ብል ማን ሊያውቀው ነው? አሁን መግለጥ አለብኝ።» ከዚያ እጁን አነሣ። «አንድ ቁጥርን አታሰሚኝ። ያኔም እንደ አድማጮቹ ነው ያልገባኝ፤ አሁንም እነሱ ሲሰሙ እሰማዋለሁ።»

ምላሴን ነክሼ ወጣሁ።

የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ደረሰ። ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ቀዩ መብራት ሲበራ የተለመደውን ሰላምታ ሰጠና ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዛሬ ከዘፈን በፊት ጥፋት አለብኝ» ብሎ ጀመረ። ስለ ፑሊዋ፣ ስለ ጎደለው ስባሪ፣ ስለ ዘገዩት ዜማዎች፣ ስለዚያ የሦስት ቅዳሜ ትምህርት ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ባሏ የሞተባትን ሴት ለይቶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ቀሪውን ሰዓት በተዋስኩት ቴፕ በልካቸው የተጫወቱ ዜማዎችን አሰማ። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ደቂቃው ተረፈን፤ አራት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ቁጥር ላይ ደረስን።

«በሉ፣ አብረን እንስማው» አለ። ቁልፉን ተጫንኩ።

የሴት ድምፅ። ቀላል፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚሰማኝ የለም ብላ ለራሷ የምታንጎራጉር ሴት። ሐዘን የሚባል ነገር በአጠገቡ የለም። ከሥሯ ያ ዱም ዱም የሚለው ከበሮ ታካ፣ ታካ፣ ታካ ሆኗል፤ ከዚያ አንዴ ይሰናከላል፤ ደግሞ ታካ፣ ታካ፣ ታካ። እሷም ዜማዋን በመሰናከሉ ላይ እየጠበቀች ታነሣዋለች። ጋሽ ማነው ዓይኑን ጨፈነ። ሱቁ ውስጥ እንደሚያደርገው ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ይረግጣል። ሦስቴ ረገጠና በአራተኛው ቆመ።

መጨረሻው ላይ ያ የሰውየው ሳግ መጣ። ሳግ አይደለም። ልጅ ናት፤ አፏን አፍና የቆየች ልጅ አምልጧት ስትስቅ ነው። ክሩ አለቀ።

ማይኩ ክፍት ነው፤ እሱ ግን አይናገርም። በምልክት ብጠራው፣ እጄን ባወዛውዝ አያየኝም። ኋላ ላይ «ከበሮ አይደለም» አለ፤ ለአድማጭ ይሁን ለራሱ እንጃ። «የስፌት መኪና ነው። እንዴት ሳልለየው ቀረሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ከእሷ ጋር ውዬ... ሦስቴ ረግጣ በአራተኛው የምትሰናከል መኪና አንድ ብቻ ነው የማውቀው።» «የሚያውቅ ይደውል» ማለቱን እንኳ ረሳው።

ስልኩ ግን በራ። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ እኔ አነጋግሬ ነው የማስገባው፤ ያን ቀን እጄ ቀደመኝ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?» አለ ጋሽ ማነው፣ ከልማድ።

«እኔ ነኝ።»

አሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ደውላ አታውቅም። እትዬ ናት።

«ላጠፋው እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር» አለች። «ሴት ስትሆንብኝ ተውኩት። እማዬ ናት። ወንድሜ ቴፑን ጨርቅ አልብሶ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ቀዳት፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። መጨረሻ ላይ የምትስቀው እኔ ነኝ፤ ሳቄ ነው ያጋለጠን። ክሩ ጠፋ ብሎኝ ነበር፣ ጠፋ ብሎኝ...» አቋረጠች። «ሟርተኛ ሰውዬ እያልኩ ሳጠፋት የኖርኩት እናቴን ነው?»

«አንቺ አይደለሽም» አለ ጋሽ ማነው። «ፊቷን የሸፈንኳት እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።»

«መኪናዋን ከጠገንካት በኋላ ማንጎራጎሯን ተወች እኮ። ‹እግሬ ዜማው ጠፋበት› ትል ነበር። አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነግሬህ አላውቅም።» አፍንጫዋን ስትጠርግ በሬዲዮ ለከተማው ሁሉ ተሰማ። «በል አሁን ድገመው።»

አንድ ዜማ በአንድ ቀን ሁለቴ አያሰማም፤ ሕጉ ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ አራት ሰዓት ሊሆን ግማሽ ደቂቃ ይቀራል። ዜና አንባቢው ወረቀቱን ታቅፎ በሩን ከፍቶ ቆሟል። አሁን ጠብ ሊነሣ ነው ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና አጠገቤ መጥቶ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጋሽ ማነው በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ክሩን ወደ ኋላ መለስኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ሦስታችንም እስከ ልጅቷ ሳቅ ድረስ አዳመጥን።

ዜናው ዘግይቶ ገባ፤ አንድም ሰው አልተቆጣም። ባሏ የሞተባት ሴትዮ ደውላ «በሚቀጥለው ዓመትም ይሰማልኝ፣ በፈጣኑ» ብላ ዘጋች።

ጋሽ ማነው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ደብተሩን አወጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ መሙላት ጀመረ፤ እኔ በትከሻው ላይ አነባለሁ። ማን ዘፈነ በሚለው ሥር «አማቴ» አለ። የት በሚለው ሥር «ቤታቸው፣ መስኮቱ አጠገብ» አለ። በምን መሣሪያ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ «የስፌት መኪና» ብሎ ጻፈ፤ ጎኑ ላይ አነስ አድርጎ «እኔ ሳልጠግናት በፊት» ብሎ ጨመረበት።